የሕግ ቀዳዳ

«የሕግ ቀዳዳ» የሚል አነጋገር አለን። ጠበቃው «ሕጉ ቀዳዳ አለው» ሲል፣ ነጋዴው «እስቲ አንድ ቀዳዳ ፈልግልኝ» ሲል፣ ጋዜጠኛው «ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ» ብሎ ሲጽፍ ሁላችንም እንግባባለን። መቼም ቀዳዳ የሆነ ነገር በእኛ ዘንድ ደህና ነገር አይደለም። ቀዳዳ እንስራ ውኃ አይዝም፣ ቀዳዳ ኪስ ገንዘብ አይዝም፤ በቀዳዳ የሚሾልከውም ወይ አይጥ ነው ወይ ሌባ። ቋንቋችን ጉዳዩ ገና ሳይሰማ ፈርዶ ጨርሷል። ዛሬ በዚህ ፍርድ ላይ ይግባኝ ማለት አምሮኛል። ሕጉ በቃሉ ያልከለከለውን የሚያደርግ ሰው ሁልጊዜ ሌባ ነው ወይ? ካልሆነስ ሌባ የሚሆነው የትኛዋ ላይ ሲደርስ ነው?

ምስክሮቼን የማመጣው ከፍርድ ቤት መዝገብ ሳይሆን ከፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ነው። ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ከመኪና ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። በእግር ኳስ ኳሷ ለሁለቱም ቡድን አንድ ናት። በፎርሙላ ዋን ግን እያንዳንዱ ቡድን የመኪናውን አካል ራሱ ነድፎ፣ ራሱ ሠርቶ ይመጣል። መኪናዋ ምን ያህል ትስፋ፣ ክንፏ የት ጀምሮ የት ያብቃ፣ ሆዷ ከመሬት ምን ያህል ይራቅ የሚለውን የሚወስነው ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን የሚያወጣው ደንብ ነው። ስለዚህ ውድድሩ ሁለት ነው። አንደኛው አስፋልት ላይ በሹፌሮች መካከል የሚካሄደው ነው፤ ሁለተኛው ከወራት በፊት ጠረጴዛ ላይ በመሐንዲሶች መካከል ያልቃል። ይህ ሁለተኛው የንባብ ውድድር ነው። ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው፤ አነባበቡ ግን ይለያያል። አንዱን ገጽ ሁሉም አንብቦት ሲያበቃ አንድ ሰው ብቻ ወርቁን ከሰሙ ሲያወጣ ማየት ደግሞ ቅኔ ባለበት አገር ላደገ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም።

ከመኪናው ሳይንስ አንድ ነገር ብቻ እንያዝ። የአውሮፕላንን ክንፍ አየሩ ወደ ላይ ያነሣዋል። ያንኑ ክንፍ ገልብጣችሁ መኪና ላይ ብትተክሉት አየሩ መኪናዋን ወደ መሬት ይጫናታል። የተጫነች መኪና ጎማዋ አስፋልቱን ይነክሳል፤ ጎማዋ የነከሰላት ደግሞ ሌላው ፍሬን በሚይዝበት ኩርባ ላይ በፍጥነቷ ትዞራለች። የቀረው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ክንፍ በፎርሙላ ዋን ፋሽን የሆነው በ1968 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር አስቀምጣለሁ፤ ነገሩም የእነሱ ነው)። ደንቡ ስለ ክንፍ የሚለው እምብዛም ስላልነበረው መሐንዲሶቹ እንደ ልባቸው ሆኑ። ክንፉን በቀጫጭን ቋሚዎች ላይ ከሹፌሩ ራስ በላይ ሰቀሉት። በ1969 ሜይ 4 ቀን ባርሴሎና ውስጥ ሞንትዡይክ በተባለው ኮረብታ ላይ የሎተስ ቡድን ሁለት መኪኖች፣ የግራሃም ሂልና የዮኸን ሪንት፣ በአንዱ ውድድር ክንፎቻቸው ተሰብረው ከአጥር ተላተሙ። ሂል ተረፈ፤ ሪንት ፊቱ ላይ ተጎዳ። ከዚያ በኋላም ክንፍ የሚባል ነገር ይቅር ብሎ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። ሁለት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ ሞናኮ ላይ ልምምዱ ከተጀመረ በኋላ፣ ክንፎቹ እንዲነቀሉ ታዘዘ። ቆይተው ሲመለሱ ቁመታቸው ተወስኖ፣ ከመኪናዋ አካል ጋር ተጣብቀው፣ እንዳይንቀሳቀሱ ሆነው ነው። ይህን ያነሣሁት ደንቡ የቢሮ ሰው ፈጠራ ብቻ እንዳይመስለን ነው። ከብዙዎቹ ሚሊ ሜትሮች ጀርባ የሰው አጥንት አለ።

«እንዳይንቀሳቀሱ» የሚለውን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ይመጣል።

በ1978 ደቡብ አፍሪካዊው ጎርደን መሪ የብራባም ቡድን ነዳፊ ነበር። የዚያን ዓመት ሎተሶች ክንፍ መትከሉ አልበቃቸው ብሎ የመኪናዋን ሆድ ራሱን እንደ ክንፍ ቀርጸውት ማንም አልደርስባቸው ብሏል። መሪ እንዳይከተላቸው ሞተሩ ሰፊ ነው፤ አየሩ የሚያልፍበትን ቦታ ይዞበታል። እናም ከመኪናዋ በስተኋላ ትልቅ ቬንቲላተር ገጠመ። ቬንቲላተሩ ከመኪናዋ ሥር ያለውን አየር ይመጣል፤ መኪናዋም መሬት ላይ ትለጠፋለች። የሚንቀሳቀስ ኤሮዳይናሚክ ዕቃ ክልክል አይደለም እንዴ? ክልክል ነው። ነገር ግን ክልከላው የሚመለከተው ዋና ሥራው ኤሮዳይናሚክ የሆነውን ነበርና መሪ ራዲያተሩን ሞተሩ ላይ አስተኝቶ «የዚህ ቬንቲላተር ዋና ሥራው ሞተር ማቀዝቀዝ ነው» አለ። እውነትም ያቀዘቅዛል።

ጁን 17 ቀን 1978 ስዊድን ውስጥ አንደርስቶርፕ ላይ ኒኪ ላውዳ በዚህች መኪና ሁለተኛውን ከ30 ሰከንድ በላይ ቀድሞ አሸነፈ። ተቀናቃኞቹ ጮኹ። ውጤቱ ግን ጸና፤ የብራባም ባለቤትና የቡድኖቹ ማኅበር መሪ የነበረው በርኒ ኤክልስቶንም ከሌሎቹ ባለቤቶች ጋር ከመቃቃር መኪናዋን ማውጣት መረጠ። ከዚያች ቀን በኋላ አልተወዳደረችም።

የመሪን ጭንቅላት አደንቃለሁ። ይሁንና ሁለት ትንንሽ ነገሮች አላስተኛ ይሉኛል። አንደኛው፣ ከውድድሩ በፊት በነበረው የሰዓት ሙከራ ሹፌሮቹ ነዳጅ ሞልተው እንዲነዱ መደረጉ ነው፤ መኪናዋ ከብዳ የፍጥነቷ መጠን እንዳይታወቅ። ሁለተኛው፣ መኪናዋ ቆማ ሳለ ቬንቲላተሩን የሸፈኑት በቆሻሻ በርሜል ክዳን መሆኑ ነው። ዋና ሥራው ማቀዝቀዝ የሆነን ዕቃ ማን በክዳን ይሸፍናል? ያቺ ክዳን የብራባም ሰዎች ለመርማሪ ከሚሰጡት መልስ ሌላ፣ ለራሳቸው የሚያውቁት መልስ እንደነበራቸው ትመሰክራለች።

መሪ በዚህ አላበቃም። በ1981 ፌዴሬሽኑ የመኪኖቹን ሆድ ከመሬት ለማራቅ ብሎ በሆዷና በመሬቱ መካከል 6 ሴንቲ ሜትር እንዲኖር ደነገገ። ጥሩ። ግን ይህ 6 ሴንቲ ሜትር የሚለካው መቼ ነው? ቆማ። በ250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የምትበር መኪና ሥር ማስመሪያ ይዞ የሚገባ መርማሪ የለም። መሪ በፈሳሽና በአየር ግፊት የሚሠራ ሞላ ሠራላት። መኪናዋ ስትሮጥ አየሩ ይጫናታል፤ ፈሳሹ በጠባብ ቀዳዳ ቀስ እያለ ያልፋል፤ ሆዷም ወደ መሬት ይወርዳል። ውድድሩ አልቆ ቀስ ብላ ስትመለስ ደግሞ እንዲሁ ቀስ እያለች ትነሣለች፤ ከመርማሪው ፊት ስትደርስ 6 ሴንቲ ሜትሯን አሟልታ። የመሪ መከራከሪያ ሞኝ አይደለም፦ የትኛዋም መኪና ፍሬን ሲያዝ፣ ኩርባ ስትዞር፣ ከፊል አካሏ ከ6 ሴንቲ ሜትር በታች ይወርዳል፤ ይህንን ማንም ሊከለክለው አይችልም፤ እኔም ሹፌሩ የሚነካው ቁልፍ አልሠራሁም። ሌሎቹ ግን ሊገለብጡት ሲሞክሩ እሱ የሸሸውን ቁልፍ ገጠሙበት። ያን ዓመት የብራባሙ ኔልሰን ፒኬ በአንዲት ነጥብ ብልጫ ዋንጫውን ወሰደ።

የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂ ይህን ቢሰማ የሚደነቅ አይመስለኝም። ለዓመታዊው ምርመራ ደህና ጎማ ተውሶ፣ እሳት ማጥፊያውን ከጎረቤት ለምኖ፣ ቦሎውን ከለጠፈ በኋላ ወደ ሊሾ ጎማው የሚመለስ ሰው በየሠፈሩ አለ። ያ ሰው «በምርመራው ቀን ጎማዬ ደህና ነበር» ቢል አልዋሸም። ምርመራው የተፈለገው ግን ለዚያች ቀን አልነበረም። በኋላም ተሳፋሪው የሚሳፈረው ሊሾው ላይ ነው።

እንግዲህ ወደ ትልቁ ጉዳይ እንምጣ፤ በቁሙ ቀዳዳ ፍርድ ቤት ወደ ቀረበበት።

በ2009 ደንቡ ከሥር ተለወጠ። ዓላማው መኪኖቹን የሚጫነውን ኃይል በግማሽ ያህል ቀንሶ እርስ በርስ እንዲቀዳደሙ ማድረግ ነበር። ከመኪናዋ ሆድ በስተኋላ ዲፊውዘር የሚባል፣ ወደ ላይ እየተከፈተ የሚሄድ ክፍል አለ፤ ከሥሯ ያለው አየር ፈጥኖ እንዲወጣ ያደርጋል። ቁመቱ ከ175 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ተወሰነ። የሆዷ ገጾችም ከሥር ሲታዩ ድፍን መሆን ነበረባቸው። ሆዷ ግን ወጥ አይደለም፤ ሁለት እርከን ነው። መሐሉ ዝቅ ያለ፣ ግራና ቀኙ 50 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ። ሦስት ቡድኖች፣ ብራውን፣ ቶዮታና ዊሊያምስ፣ ደንቡን ሲያነቡ ታችኛው ገጽ ድፍን ይሁን፣ ላይኛውም ገጽ ድፍን ይሁን ይላል እንጂ ሁለቱ የሚገናኙበትን የቁም ግድግዳ እንደማያነሣ ልብ አሉ። እዚያ ላይ ከፈቱት። አየሩ በዚያ ገብቶ ከመጀመሪያው ዲፊውዘር በላይ ሁለተኛ ዲፊውዘር አገኘ። ከሥር ሆናችሁ ሽቅብ ቀጥ ብላችሁ ብታዩ ክፍተቱ አይታይም።

ፌራሪና ሌሎችም ይግባኝ አሉ። አፕሪል 2009 ፓሪስ ላይ ችሎት ተቀመጠ። የፌራሪ ጠበቃ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ማንም ሰው ይህን ነገር ቀዳዳ ይለዋል ሲል ተከራከረ። የእነ ብራውን ወገን ደግሞ ቀዳዳ የሚባለው በአንድ ገጽ ላይ የተበሳ ነው፤ ይህ በሁለት ገጾች መካከል ያለ ክፍተት ነው አለ። ነገሩን በአማርኛ አስቡት። በር ላይ የተበሳው ቀዳዳ ነው፤ በበሩና በመቃኑ መካከል ያለውስ? ነፋስ በሁለቱም ይገባል። ግን ሁለተኛውን «የበሩ ቀዳዳ» የሚለው ሰው የለም። ችሎቱ ለእነ ብራውን ፈረደ። ቀዳዳው ቀዳዳ አይደለም ተባለ። ዕድሜዬን በቃላት ፍቺ ላይ ስከራከር ኖሬ አንድ ሳንቲም ላላተረፍኩት ለእኔ፣ የዓለም ዋንጫ በአንዲት ተራ ስም ላይ ሲንጠለጠል ማየት የሚያስቀና ነበር።

ተሸናፊዎቹ ያነሡት ዋናው ክስ ግን ሌላ ነበር፤ «የደንቡን መንፈስ ጥሰዋል»። መንፈስ! ይህን ቃል በጥንቃቄ ነው መያዝ። አንደኛ፣ በዚህ ስፖርት ታሪክ ውስጥ ስለ መንፈስ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ የተቀደመው ነው፤ በራሱ ዲፊውዘር ላይ መንፈሱ ሲጎድል የታየው አሸናፊ አልገጠመኝም። ሁለተኛ፣ መንፈስ ማለት የጸሐፊው ሐሳብ ከሆነ ጸሐፊው ማን ነው? የ2009ን ደንብ መነሻ ጥናት ያዘጋጁት ከተወዳዳሪዎቹ ቡድኖች የመጡ ሦስት መሐንዲሶች ነበሩ፤ የፌራሪው ሮሪ በርን፣ የማክላረኑ ፓዲ ሎውና የሬኖው ፓት ሲመንድስ። ጽሑፍ አንዴ ከእጅ ከወጣ በኋላ ደራሲው «እኔ ማለት የፈለግሁት እንዲህ ነበር» ቢል ከአንባቢዎች እንደ አንዱ ይቆጠራል ብዬ ተማሪዎቼን ስሟገት ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ይበልጥ አስገራሚ ነው። የቡድኑ አለቃ ሮስ ብራውን በኋላ እንደተናገረው፣ በ2008 ስብሰባ ላይ ይህ ደንብ የታሰበውን ያህል ኃይል አይቀንስም፣ እናጥብቀው ብሎ ነበር፤ የሰማው አልነበረም። በዲሴምበር 2008 ባለቤቱ ሆንዳ ጥሎ ሲወጣ ያንኑ ቡድን በአንዲት ፓውንድ ገዛው። የእሱ ሹፌር ጄንሰን በተን ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን አሸነፈ።

እኛ ዘንድ «በሕግ አምላክ!» የሚል ቃል ነበር። አንድ ሰው ሌላውን መንገድ ላይ በዚህ ቃል ሲያስቆመው አንቀጹ ስንት ነው ሳይል የቆመበት ቦታ ላይ ይቆማል። ሕግ ያኔ ጽሑፍ አልነበረም፤ መንፈስ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ሳስብ ልቤ ይነካል። ነገር ግን ያ ቃል ይሠራ የነበረው ሰውና ሰው በሚተዋወቅበት፣ ዳኛው ሁለቱንም በሚያውቅበት ቀዬ ነው። ገንዘብ፣ ፋብሪካና ጠበቃ ባለበት አደባባይ መንፈሱን የሚያውጀው ጉልበት ያለው ነው። ብራውን ከሥራ ሊበተን የነበረ ቡድን ነበር፤ ፌራሪ ፌራሪ ነው። ደካማው የሚይዘው ነገር ካለ የተጻፈውን ቃል ነው። ስለዚህ ነው ቃሉን አጥብቆ የሚያነብን ሰው ሁሉ ሌባ ማለት የሚከብደኝ።

አስተማሪ ሳለሁ «ከአምስት ገጽ ያልበለጠ ድርሰት አምጡ» ብዬ አዝዤ አንዱ ተማሪ አምስት ገጽ አመጣልኝ። ፊደሉ ጉንዳን ያክላል፤ ኅዳግ የሚባል አልተወም። በደህና እጅ ቢጻፍ አሥራ ሁለት ገጽ ይወጣዋል። በማጉያ መነጽር አንብቤ ጥሩ ስለነበረ ጥሩ ማርክ ሰጠሁት። በሚቀጥለው ሴሚስተር ትእዛዙ «ከ1500 ቃላት ያልበለጠ» ሆነ። ፌዴሬሽኑም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ድርብ ዲፊውዘር ከ2011 ጀምሮ ተከለከለ። ልጁ ያመጣው ወረቀት ግን ጠረጴዛዬ ላይም፣ ቤቴም፣ በመነጽርም ያለ መነጽርም ያው ወረቀት ነበር። የብራውንም መኪና እንደዚሁ ናት። መርማሪው ፊት ቆማ የነበራት ክፍተት፣ በ300 ኪሎ ሜትር ስትበርም ያው ክፍተት ነው። ባትሪ ይዞ የተንበረከከ ሁሉ ያየዋል። የ1981ዷ ብራባም ግን ሁለት መኪና ናት፤ አንዷ ለመርማሪው፣ ሌላዋ ለመንገዱ። ለእኔ ድንበሩ ያለው እዚህ ነው። ቃሉን እስከ ጥጉ ማንበብ ንባብ ነው። ለሚለካ ሰው አንድ ፊት፣ ለማይለካ ሌላ ፊት ማሳየት ግን ቃሉ ቢፈቅደውም ውሸት ነው።

እዚህ ላይ ነገሩን ዘግቼ መነሣት እችል ነበር። አንድ መኪና ግን አላስነሣ አለችኝ፤ የ2010 ማክላረን።

ከመኪናዋ አፍንጫ አቅራቢያ አየር የሚገባበት ትንሽ አፍ ነበራት። አየሩ በቱቦ አድርጎ ሹፌሩ ከተቀመጠበት አጠገብ ያልፍና ወደ ኋላው ክንፍ ይሄዳል። ቱቦው ሹፌሩ ዘንድ ቀዳዳ አለው። ሹፌሩ ቀዳዳውን ሲደፍነው አየሩ መንገዱን ይቀይርና የኋላ ክንፉን ሥራ ያስፈታዋል፤ መኪናዋም ቀጥ ባለው መንገድ ላይ በሰዓት ወደ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ትፈጥናለች። ኤፍ-ደክት አሉት። የሚንቀሳቀስ ዕቃ ክልክል ነው፤ ታዲያ እዚህ የሚንቀሳቀሰው ምንድን ነው? ክንፉ አይንቀሳቀስም። ቱቦው አይንቀሳቀስም። የሚንቀሳቀሰው ሹፌሩ ነው። ሹፌር ደግሞ ዕቃ አይደለም። አንዱ በጉልበቱ፣ ሌላው በእጁ ጀርባ ቀዳዳውን ይደፍናል። ቀሪዎቹ ቡድኖች ተሽቀዳድመው ገለበጡት፤ አንዳንዱ ሹፌርም በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ቀዳዳ ሲደፍን ታየ።

ልብ በሉ፤ ይህች መኪና የእኔን መለኪያ ታልፋለች። መርማሪው ፊትም መንገድ ላይም ያው ናት። ምንም የተደበቀ የለም። ቃሉም አልተጣሰም፤ እንዲያውም ቃሉን እንደዚህ አድርጎ ያነበበው ሰው ጠረጴዛዬ ላይ ቢቀመጥ ደስ ባለኝ። ሆኖም ቅር ይለኛል። «አይንቀሳቀስ» የሚለው ቃል የገባው እኮ ክንፍ የሰው ፊት ላይ ስለተሰበረ ነው፤ ለሹፌሩ ሲባል ነው። ቃሉ ሲጠመዘዝ ሲጠመዘዝ መጨረሻ ላይ ሹፌሩን ራሱን የመኪናዋ ተንቀሳቃሽ ክፍል አደረገው። ሊጠበቅለት የተጻፈው ሰው የቀዳዳ መድፈኛ ሆነ። ማንም አልዋሸም፣ ማንም አልሰረቀም። ክፍተቱ ከተገኘ በኋላ ግን ዋጋውን በአካሉ የሚከፍለው ያገኘው መሐንዲስ አይደለም፤ መሐንዲሱ ግድግዳው ጋ ቴሌቪዥን እያየ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጥያቄ ለመጨመር እገደዳለሁ፦ በዚህ ቀዳዳ የሚያልፈው አንተ ነህ ወይስ ሌላ ሰው? በአምስት ገጽ አሥራ ሁለት ገጽ የጻፈው ልጅ የደከመው በራሱ ዓይን ነው (በእኔም ዓይን፤ እሱን እንተወው)። ሊሾ ጎማው ላይ ያለው ተሳፋሪ ግን ስለ ቦሎው የተጠየቀው ነገር የለም።

ኤፍ-ደክት በ2010 መጨረሻ ቀረ። በ2011 ፌዴሬሽኑ ራሱ በተወሰነ ቦታ ላይ የኋላ ክንፍን በቁልፍ መክፈት ፈቀደ። ከ2026 ጀምሮ ደግሞ የፊቱም የኋላውም ክንፍ እንዲንቀሳቀስ ሆኖ ነው የተደነገገው፤ ቀጥ ባለው መንገድ ይተኛል፣ ኩርባ ሲመጣ ይነሣል። ከ1969 ጀምሮ ሲከለከል የኖረው ነገር መሆኑ ነው። ይህን ያየ ሰው «ታድያ ያ ሁሉ ክልከላ ለምን ነበር?» ይል ይሆናል። አንዳንዱ ነገር በራሱ ክፉ ነው፣ አንዳንዱ ክፉ የሚሆነው ስለተከለከለ ብቻ ነው የሚለውን የሕግ ሰዎች ልዩነት ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

የሚተጣጠፈውን ክንፍ ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም፤ ምክንያቱም እዚያ ላይ ጥፋቱ የሕጉ ጭምር ይመስለኛል። ደንቡ ለብዙ ዘመን የመኪናዋ አካል ፈጽሞ አይንቀሳቀስ ሲል ኖሯል። ተፈጥሮ ግን ፈጽሞ የማይተጣጠፍ ነገር አልሠራችም፤ በአውሮፕላን የተሳፈረ ሰው ክንፉ ሲወዛወዝ በመስኮት አይቷል። ቃሉ እንደተጻፈ ይፈጸም ቢባል አንድም መኪና ከግቢ አይወጣም። ስለዚህ ፌዴሬሽኑ ክብደት እየጫነ ምን ያህል እንደጎበጠ መለካት ጀመረ። ያን ጊዜ ሕጉ ቀረና ፈተናው ሕግ ሆነ። በ2010 የፊት ክንፍ መፈተኛው ጭነት ከ50 ወደ 100 ኪሎ ከፍ አለ። በ2014 አቡዳቢ ላይ የሬድ ቡል ሁለቱም መኪኖች የፊት ክንፋቸው በአየር ግፊት እንዲጎብጥ ተደርጎ ተሠርቷል ተብሎ ከሰዓት ሙከራው ውጤት ተሰረዙ። በ2025 ስፔን ላይ ደግሞ ለፊት ክንፍ ይፈቀድ የነበረው 15 ሚሊ ሜትር ወደ 10 ወረደ። ክንፉ ጭነት በሚሰቀልበት ነጥብ ላይ ጠንካራ፣ ጭነት በማይሰቀልበት ላይ ልዝብ እንዲሆን አድርጎ መሥራት ራሱን የቻለ ጥበብ ሆኗል። ማንም ሊፈጽመው የማይችለውን ቃል የጻፈ ሕግ አውጪ፣ ተገዢዎቹን ፈተና ማለፍ ያስተምራቸዋል። ከዚያ በኋላ ሁለት ፊት አላቸው ብሎ ቢቆጣ፣ መስታወቱን ማን ሰጣቸው?

በዚህ ሁሉ የቃላት ግርግር ውስጥ አንድ ዝም ያለ ምስክር አለ፤ ጣውላ ነው። በ1994 ኢሞላ ላይ ሮላንድ ራትዘንበርገርና አይርተን ሴና በሁለት ተከታታይ ቀናት ከሞቱ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ከጀርመኑ ውድድር ጀምሮ ከየመኪናው ሆድ ሥር 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጣውላ እንዲለጠፍ ተደረገ። መኪናዋ ከሚገባው በላይ ዝቅ ብላ ከሮጠች ጣውላው አስፋልቱ ላይ ይፋቃል። 1 ሚሊ ሜትር ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ ከተበላ ውጤቱ ይሰረዛል። የሚለካው ከውድድሩ በኋላ ነው። ከመርማሪ ፊት ቀና ማለት አያዋጣም፤ ጣውላው የሚናገረው የመጣበትን መንገድ ሁሉ ነውና። ከወር በኋላ ቤልጅየም ላይ ማይክል ሹማኸር አንደኛ ወጥቶ በጣውላው ተሰረዘ። ቡድኑ መኪናዋ ስትሽከረከር የመንገዱ ጠርዝ ፋቀው አለ፤ ዳኞቹ አልተቀበሉትም።

በ2023 ቴክሳስ ውስጥ ኦስቲን ላይ ደግሞ መንገዱ ወጣ ገባ ነበር፤ ለቡድኖቹ የተሰጠው የልምምድ ጊዜም አጭር ነበር። ከውድድሩ በኋላ የአራት መኪኖች ጣውላ ተለካ። የቬርስታፐንና የኖሪስ ደህና ተገኘ። ሁለተኛ የወጣው የሉዊስ ሃሚልተንና ስድስተኛ የወጣው የሻርል ለክሌር ከልኩ በላይ ተበልቶ ስለነበረ ሁለቱም ተሰረዙ። አስባችሁ ነው ወይ፣ ሳታስቡ ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከአራት ሁለት መሆኑ ነው። የቀሩት መኪኖች ጣውላ በዚያን ዕለት አልተለካም።